ከልምምድ በፊት ድንጋይ ለቀማ

ኮሌጁ የሴቶች እግር ኳስ ቡድኑን ከበተነ ወዲህ የምሠራው ንብረት ክፍል ውስጥ ነው። መጥረጊያ፣ ጠመኔ፣ አምፖልና የፕሪንተር ቀለም እያስፈረምኩ አወጣለሁ። ከወንበሬ ጀርባ ባለው መደርደሪያ ላይ አየራቸው የወጣ ኳሶች በመረብ እንደታሰሩ ተቀምጠዋል፤ ማሊያዎቹ ከጎናቸው በካርቶን ታሽገዋል። የሚጠይቃቸው ሰው የለም። እኔም ካርቶኑን ከፍቼ አላውቅም። ልምምድ እንሠራበት የነበረው ሜዳ ላይ ለአዲሱ ሕንፃ አሸዋና ብረት ተራግፎበታል። ምሳ ለመብላት ስወጣ በዚያ በኩል ላለማለፍ ዞሬ እሄዳለሁ።

ጡረታ ወጣሁ ለማለት ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም። የወጣው ሙያዬ ነው፤ እኔን ትቶኝ ወጥቷል።

ሰዎች ከዚህ በፊት ምን ትሠሪ ነበር ሲሉኝ ረዳት አሰልጣኝ ነበርኩ እላለሁ። ድምፄ ዝቅ ያለ ስለሆነ ብዙዎቹ የሚይዙት የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው። አንድ የባጃጅ ሹፌር የሚኒባስ ረዳት መስዬው በየትኛው መስመር እሠራ እንደነበር ጠየቀኝ። ስለ ሜዳው የጠየቀኝ መስሎኝ የቀኝ መስመር አልኩት። ለካ ሁለታችንም የምር ነበር የምናወራው።

ስፖርት ሳይንስ ተምሬ ስመረቅ መጀመሪያ የሄድኩት አምበር ነው፤ እዚያ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ሆኜ። ሰው ፊት ቆሜ መናገር ከልጅነቴ ጀምሮ ይከብደኝ ነበር፤ ፊሽካ መንፋት ደግሞ ከመናገርም ባሰብኝ። ትንፋሼ እያጠረ ፊሽካው ሲንሾካሾክ ወንዶቹ ተማሪዎች፣ «ቲቸር፣ ፊሽካው ጾም ይዟል እንዴ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ አለቅስ ነበር ብል ውሸት ነው፤ ግን ጠዋት ፊሽካውን ሆን ብዬ ቤት ትቼው የምሄድበት ቀን ነበር።

እናኑን ያወቅኋት እዚያ ነው። በእረፍት ሰዓት ከወንዶች ጋር በኮንጎ ጫማ ኳስ የምትጫወት ቀጭን ልጅ ነበረች። ኳሱ ወደ እሷ ሲመጣ ጀርባዋን ለተከላካዩ ሰጥታ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ቀኝ እግሯን መሬት ላይ ትተክልና ገላዋን በዚያ ላይ ታዞራለች። ሲያዩት ቀላል ነው። ተከላካዩ ግን ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል። ይህን ማንም አላስተማራትም። በዩኒቨርሲቲ ብዙ ስለ እንቅስቃሴ ተምሬያለሁ፤ እንደዚያ ሲደረግ ግን አላየሁም ነበር።

ደብረ ማርቆስ የሚገኝ አንድ ኮሌጅ ለሴቶች ቡድኑ ረዳት አሰልጣኝ እንደሚፈልግ የሰማሁት በሁለተኛው ዓመት ነው። ልጆቹ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄዱ አብራቸው የምታድር ሴት ያስፈልግ ነበር። የተፈለገችው ሴት እንጂ እኔ አልነበርኩም፤ ቢሆንም አመለከትኩ። ስለ ደመወዙ ብዙ የሚባል የለም። ከአስተማሪነቱ አይበልጥም ነበር።

ዋናው አሰልጣኝ ጋሽ ይሁኔ ይባላሉ። የከተማዎቹ ልጆች ጋሼ፣ የገጠሮቹ አያ ይሏቸው ነበር፤ ለሁለቱም እኩል ይዞራሉ። በሄድኩበት ቀን የትምህርት ማስረጃዬን አላዩም። አንድ ባዶ ማዳበሪያ ሰጡኝና ከልጆቹ ጋር ተሰልፈሽ ድንጋይ ልቀሚ አሉኝ።

የእርሳቸው ልምምድ ሁልጊዜ የሚጀምረው በዚህ ነበር። ቡድኑ በሙሉ ከአንደኛው ጎል ጎን ለጎን ይሰለፍና ጎንበስ ቀና እያለ ሜዳውን እስከ ሌላኛው ጎል ያቋርጣል። ሜዳችን እውነትም ድንጋይ ያወጣ ነበር፤ ክረምት በወጣ ቁጥር አዲስ ይወልዳል። መጀመሪያ ላይ ጥቅሙ ለሜዳው መሰለኝ። ጋሽ ይሁኔ ግን ሜዳውን አያዩትም ነበር። ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ሽምብራ አንድ አንድ እያሉ እየቆረጠሙ፣ መስመር ዳር ቀስ ብለው እየተራመዱ የሚያዩት ልጆቹን ነው።

ምን እንደሚያዩ ለመጠየቅ ወራት ፈጀብኝ። ስጠይቃቸው ደስ አላቸው መሰለኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን መራመድ ጀመርን። ቁርስ ያልበላች ልጅ ጎንበስ አትልም፤ ድንጋዩን በእግሯ ገፍታ ወደ ጓደኛዋ ታሳልፈዋለች። የወር አበባዋ የመጣባት ወገቧን ከማጠፍ ቁጢጥ ማለትን ትመርጣለች። የተጣሉ ሁለት ልጆች በመካከላቸው የወደቀውን ድንጋይ ሁለቱም ይተዉታል። እግሯን የታመመች ግን ትለያለች። ሮጣ ልትደብቀው ትችላለች፣ ዘላም ልትደብቀው ትችላለች፤ ምክንያቱም ስትሮጥና ስትዘል እየታየች መሆኑን ታውቃለች። ድንጋይ ስታነሳ ግን አታስብበትም። የታመመውን እግር ወደ ኋላ ዘርግታ በደህናው ላይ ትወርዳለች።

አንድ ጊዜ በድምፄ ማፈሬን ነገርኳቸው። «መጮህ የዋናው አሰልጣኝ ሥራ ነው» አሉኝ። «እኔም እርጅና መጥቶ ነው እንጂ እጮህ ነበር። አንቺ እይ። ያየሽውን መጥተሽ ለእኔ ንገሪኝ። በጆሮዬ ከሆነ ድምፅሽ ይበቃል።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የልጆቹ ታኬታ በዝናብ ሲርስ ገለባ ጠቅጥቀውበት ጥላ ውስጥ ያደርቁታል፤ ፀሐይ ላይ ያስቀመጠችውን ልጅ ይቆጧታል። በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ውሃ ጠጥተው ትንፋሻቸው እስኪመለስ እርሳቸው ምንም አይናገሩም። ከሜዳ ዳር ሆነው የልጅ ስም አይጠሩም፤ «ስድስት ቁጥር»፣ «ሰባት ቁጥር» ይላሉ። ቤተሰቧ ኳስ መጫወቷን የማያውቅ ልጅ ሁልጊዜ አትጠፋም ነበር፤ ቅዳሜ ገበያ የመጣ ዘመድ ደግሞ ሜዳውን ሳያይ አያልፍም።

እናኑ አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ አባቷን ለማስፈቀድ ከጋሽ ይሁኔ ጋር አምበር ድረስ ሄድን። ኮሌጁ ለተጫዋቾቹ ማደሪያና ምግብ ይሰጥ ነበር። ለከተማ ልጆች ይህ ትርፍ ነገር ነው፤ ከገጠር ለሚመጡት ግን ትምህርቱ ራሱ እሱ ነበር። ቡድኑ ውስጥ ያለች ታድራለች፤ ከቡድኑ የወጣች ዕቃዋን ትይዛለች። አባቷ ይህን በደንብ ከሰሙ በኋላ ስለ ኳሱ ምንም አልጠየቁም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ «እዚያ ማን ያይልኛል?»

ጋሽ ይሁኔ ወደ እኔ አመለከቱ። «ይቺ ታይልዎታለች» አሉ።

አባቷ እኔን አይተው ብዙም የተማመኑ አልመሰለኝም። ግን ፈቀዱ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ዓመታት ጥሩ ነበሩ፤ ስለ ጥሩ ዓመታት ግን ብዙ የምጽፈው የለኝም። እናኑ መሀል ሜዳ ትጫወታለች። ኳስ ሲደርሳት ከመስመር ውጪ የተቀመጡት ሽማግሌዎች እንኳ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ያቺን መዞሯን ስታደርግ አንዱ ጎረምሳ፣ «እሷን አግብቶ ማን ሊቆጣት ነው!» አለና ሜዳው በሙሉ ሳቀ፤ እሷም ኳሱን እየነዳች ስትስቅ አይቻታለሁ። ማታ ማደሪያ ክፍል ውስጥ እኔን «ቲቸር» እያለች የምትጠራኝ እሷ ብቻ ነበረች። ሌሎቹ አንቺ ሲሉኝ እሷ እርስዎ ማለቷን አልተወችም።

ጋሽ ይሁኔ ጡረታ ሲወጡ ሽኝት ተደረገላቸው፤ ጋቢም ተሰጣቸው። ለእኔ ፊሽካቸውን ይሰጡኛል ብዬ ነበር፤ ኪሳቸው ውስጥ ከተው ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ድንጋይ ለቀማው እንዳይቀር ብቻ አሉኝ።

ቀረ። አዲሱ አሰልጣኝ ሳምሶን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን በደንብ መጻፍ እፈልጋለሁ። ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ወጣት፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር። ኮኖቹን በገመድ ለክቶ ነው የሚደረድራቸው። ለልጆቹ ስለ ቦታ አያያዝ ያስተማራቸው ነገር ጋሽ ይሁኔ የማያውቁት ነው። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ተሰልፈው ጎንበስ ሲሉ አይቶ፣ ተጫዋች ናችሁ ወይስ የቀን ሠራተኛ ብሎ ቀለደ። ልጆቹም ሳቁ፤ ማን ድንጋይ መልቀም ይወዳል? ሜዳውን የሚያጸዱ ሰዎች ተቀጠሩ። ያ ሰዓት ለማሟሟቂያ ዋለ። የለቀማውን ጥቅም ላስረዳው ሞክሬ ነበር። ጎንበስ ሲሉ ብዙ ነገር ይታያል አልኩት። ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ሳስበው ግን ያልኩት ነገር ለሰማው ሰው ምንም ማለት አልነበረም።

በዚያ ዓመት የኮሌጆቹ ውድድር ፍጻሜ ላይ ደረስን። ጨዋታው መርጡለ ማርያም ነበር። ከጉዞው በፊት በነበሩት ቀናት ልምምድ ላይ እናኑ አንድ ጊዜ ወድቃ ተነስታ ነበር፤ ብዙም የተለየ አልነበረም። የቡድኑ ወጌሻ አሻት፣ በማግስቱም ሮጠች።

ጠዋት ሜዳውን ልናይ ስንሄድ ከእኛው የባሰ ድንጋያም ሆኖ አገኘነው። አጽጂ የሚባል ሰው በአካባቢው አልነበረም። አሰልጣኝ ሳምሶን ራሱ፣ እስቲ የድሮ ሥራችሁን ሥሩ አለ። ልጆቹ እየተሳሳቁ ተሰለፉ። እኔም እንደ ጋሽ ይሁኔ መስመር ዳር መራመድ ጀመርኩ።

እናኑ ከዳር ሁለተኛዋ ነበረች። የመጀመሪያውን ድንጋይ ስታነሳ ቀኝ እግሯ ወደ ኋላ ተዘረጋ። በአጋጣሚ ይሆናል አልኩ። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም እንዲሁ አነሳች። ሜዳው መሀል ላይ ስትደርስ ተጠጋኋት።

«የትኛው ነው?» አልኳት።

«የትኛው ምን?»

«እግርሽ፣ እናኑ።»

የያዘችውን ድንጋይ ማዳበሪያው ውስጥ አልጨመረችውም። «ቲቸር፣ ዛሬን ብቻ ይተዉኝ» አለች። «ዛሬ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ለከርሞ ማን አልጋ ይሰጠኛል? ቤት ከተመለስኩ መውጫ የለኝም። እግር እንደሆነ ይድናል።»

ለአሰልጣኝ ሳምሶን ነገርኩት። በጆሮው አልነበረም፤ ሁሉም በሚሰማበት፣ በሕይወቴ ካወጣኋቸው ድምፆች ሁሉ ከፍ ባለው ነው የነገርኩት። ሰማኝም። ለቀማውን አስቆመና እናኑን ጠራት። ያምምሻል ወይ አላት። የለም አለች። ዝለይ አላት፤ ዘለለች። በአንድ እግር አላት፤ በቀኝ እግሯ ዘለለች፣ ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። ወጌሻው ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ጫን ጫን አደረገና ጅማቱ ብርድ ገብቶት ነው፣ ሲሞቅ ይለቃል አለ።

አሰልጣኝ ሳምሶን ወደ እኔ ዞረ። «ምኗን አይተሽ ነው?»

«ድንጋይ ስታነሳ እግሯን አላጠፈችም» አልኩ።

ከኋላ አንዷ፣ «ረዳታችን ደግሞ ጠጠር መጣል ጀመረች እንዴ?» አለች። እንደ ጠንቋይ ማለቷ ነው። ሁሉም ሳቁ። እሱም ፈገግ አለ፤ ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው ግን እናኑ ነበረች። እያየችኝ ነው የሳቀችው። አይናገሩ ማለቷ ነበር።

ልጅቷ ደህና ነኝ ብላለች፣ ወጌሻው ደህና ናት ብሏል፣ አሰልጣኙ በዓይኑ አይቷል። በእኔ እጅ ያለው አንድ ጎንበስ ማለት ብቻ ነው። ለጨዋታው ተሰለፈች።

ከዕረፍት በኋላ ኳሱ ከግራ መጣላት። ጀርባዋን ሰጥታ ጠበቀች፣ ቀኝ እግሯን ተከለች፣ ገላዋ ዞረ። እግሩ አልዞረም። ማንም አልነካትም። ተከላካይዋ ወደ ሌላ ቦታ ሄዳ ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው። ተመልካቹ ተሰናክላ የወደቀች መስሎት ሳቀ። እናኑ በጎኗ ተኝታ ሣሩን በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

ያን ቀን አሸነፍን። በሚኒባሱ ስንመለስ ዋንጫው ከሹፌሩ አጠገብ ነበር። እናኑ የኋላው ወንበር ላይ ተጋድማ እግሯ በኳሶቹ ከረጢት ላይ ተደግፏል። ልጆቹ ዘፈን ጀምረው በየመሀሉ ዞር እያሉ ያዩዋትና ያቆማሉ፤ ደግሞ ይጀምራሉ። በመጨረሻ ተዉት። መንገድ ላይ አሰልጣኝ ሳምሶን ከፊት ተነስቶ መጣና አጠገቤ ቁጭ አለ። «ነግረሽኝ ነበር» አለ። እስክንገባ ወደ ቦታው አልተመለሰም።

ማርቆስ ሆስፒታል የጉልበቷ ጅማት እንደተበጠሰ ነገሩን፤ ቀዶ ሕክምናው ሌላ ከተማ ነበር የሚሠራው። ተራ ተያዘላት። ተራው ሲደርስ በጸጥታው ምክንያት መንገድ ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት ተራው አልፎ ነበር። ክረምት ሲወጣ ማደሪያው ለሚጫወቱት ተሰጠ። ቢሮ ለቢሮ ዞሬ ነበር፤ የሚመለከታቸው ሰው ወንበር ስበው አስቀምጠው፣ ዋንጫ ያመጣች ልጅ መሆኗን እንደሚያውቁ፣ ግን ማደሪያው በደንቡ የተጫዋች ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረዱኝ። ዕቃዋን እስከ መናኸሪያ ተሸክሜላታለሁ።

ከዚያ የሆነው ነገር ነው አሁንም የሚከነክነኝ። በቀጣዩ ዓመት መንገዱ ስላልተረጋጋ የኮሌጆቹ ውድድር ቀረ። ውድድር ከሌለ ቡድን ለምን ተባለ፤ ቡድኑ ተበተነ። ማደሪያው ለሁሉም ቀረ። አሰልጣኝ ሳምሶን ወደ አገሩ ተመለሰ፣ እኔ ንብረት ክፍል ገባሁ። እናኑ እግሯን የሰጠችለት አልጋ እሷ ባትጎዳም ኖሮ ከጥቂት ወራት በላይ አይቆያትም ነበር።

ጋሽ ይሁኔን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ፀሐይ ላይ አጥራቸውን ተደግፈው ተቀምጠው ነበር፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ በድምፄ ነው የለዩኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳላውቀው አንድ ነገር ፈልጌ ነበር የሄድኩት፤ እኔ ብኖር አትሰለፍም ነበር እንዲሉኝ። እንደዚያ ቢሉኝ ጥፋቱ የዘመኑ፣ የልማዱ መቅረት ይሆንና እፎይ እል ነበር።

«በየትኛው ላይ ነበር የወረደችው?» አሉ።

«በግራዋ።»

«እና ደህና ነኝ አለች።»

«አዎ።»

ሽምብራ ፍለጋ ኪሳቸውን ዳብሰው ባዶ እጃቸውን አወጡ። «እኔ ብሆን አስቀራት ነበር ብዬ ልዋሽሽ?» አሉ። «ፍጻሜ ጨዋታ ነው። ልጅቷ እሷ ናት። ስንቷን አይቻለሁ፤ ያየኋትን ሁሉ ግን አላስቀረሁም።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝ። ስወጣ እስከ በሩ አልሸኙኝም።

ባለፈው ግንቦት ለአንድ ዘመድ ለቅሶ አምበር ሄድኩ። ስመለስ መኪና እስኪገኝ በእግሬ ወጣ አልኩ። ከመንገዱ በታች ባለ የጤፍ ማሳ ውስጥ አንዲት ሴት ከእርሻ በፊት ድንጋይ ትለቅማለች። ፊቷ ከመታየቱ በፊት ነው ያወቅኋት። ቀኝ እግሯ ወደ ኋላ ተዘርግቶ ነበር።

ወረድኩ። ስታየኝ ደነገጠች፣ ከዚያ ሳመችኝ። ወፈር ብላለች። አባቷ ገበያ እንደሄዱ፣ ማሳው ዘንድሮ ድንጋይ እንደበዛበት፣ ዝናቡ እንደዘገየ ነገረችኝ። ስለ እግሯ አልጠየቅኋትም፣ አላነሳችም። ሥራ ማስፈታቴ ከብዶኝ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ የድንጋዩን ማዳበሪያ ይዤላት እኔም ጎንበስ አልኩ። ጎን ለጎን ሆነን፣ ልክ እንደ ድሮው፣ ማሳውን ማቋረጥ ጀመርን።

ትንሽ እንደሄድን ቀና አለች።

«ቲቸር፣ እያዩኝ ነው አይደል?»

«አዎ» አልኳት።

ማዳበሪያውን ከእጄ ተቀበለችኝ። የተቆጣች አትመስልም ነበር። «እንግዲያው ፊት ፊት ይሂዱልኝ» አለች።

ፊት ፊት ሄድኩ። ከኋላዬ ድንጋዩ አንድ በአንድ ማዳበሪያው ውስጥ ሲወድቅ ይሰማኛል። ከማሳው ዳር እስክንደርስ ዞር አላልኩም።